ስንመጣ ውይይት ይሁን

ሰሞኑን ወልቂጤ መናኸሪያው ጀርባ ሳልፍ አንድ የባጃጅ ጠጋኝ የተሰነጠቀ የፊት ፕላስቲክ በጋለ ብረት ሲያጣብቅ ደረስኩ። የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸው ነገር ነው። እኔ ግን ወደ ጭሱ ተጠጋሁ። ሻርፔን ከአፍንጫዬ ገለጥ አድርጌ በደንብ ሳብኩት፤ ኧረ ደገምኩት። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና «እማማ፣ ይለፉ እንጂ፣ ጭሱ ያስልዎታል» አለኝ። «አያስለኝም። ይልቅ ብረቱን እንዲህ አታግለው፤ ፕላስቲኩ ይኮማተርብሃል» አልኩት። ሳቀብኝ። «እማማ ደግሞ ፕላስቲክ ያውቃሉ እንዴ?» እንዴት አላውቅ! እዚያው ቆሜ የቡታጅራን፣ የወንድሜን የከድርን፣ የእነዚያን የስንዝር መኪኖች ነገር ልዘረግፍለት ነበር፤ ባጃጁን የሚጠብቅ ሰው መጣና ተውኩት። ወሬው ግን አፌ ላይ ቀረ። ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እንዲህ ደስ ካለኝ ብዙ ጊዜዬ ነው።

ያኔ የምንኖረው ቡታጅራ ነው፣ ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ዳር። መንገዱ አስፋልት አያውቅም። በበጋ አቧራውና የበርበሬው ብናኝ ተደባልቆ ስለሚነሳ እንግዳ ሰው ሰፈራችን ሲገባ ከሰላምታው በፊት ያነጥሳል። አባቴ ሸምሱ በርበሬ ነጋዴ ነበር። ከማረቆ ገበሬዎች እየገዛ መርካቶ ላለው ታላቅ ወንድሙ ይልካል። ይህን ታላቅ ወንድሙን እኛ ልጆች «ትልቁ አባባ» ነበር የምንለው። ወንድሜ ከድር ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ አፍሮውን በሹካ ማበጠሪያ ቀጥ አድርጎ፣ ከታች የሰፋ ሱሪውን እያወዛወዘ ሲሄድ እናቴ «መንገዱን የሚጠርግልን ሰው አገኘን» ትለው ነበር። እኔ እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ አንገቴ ላይ የሱፍ ሻርፕ። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ያለው ሻይ ቤት ራዲዮኑን በመስኮት በኩል ወደ ውጭ አዙሮ ያስቀምጠው ስለነበር ዘፈን የምንሰማው መንገድ ላይ ቆመን ነው። ብስኩት በአምስት ሳንቲም፣ ሻይ በአሥር። ዛሬ አምስት ሳንቲም መሬት ላይ ብታገኙ ጎንበስ የምትሉ አይመስለኝም።

ከግቢያችን ክፍሎች አንዱን አንድ ፈረንጅ ኢንጂነር ተከራይቶ ነበር፤ የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ ነው። ሰማያዊ፣ ዝቅ ያለች አውቶሞቢል ነበረችው። እሷን ሲያጥብ ያየ ሰው ልጁን የሚያጥብ ይመስለዋል። ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናዋን ለአባቴ ሸጠለት። ለከድር ደግሞ አንድ ትልቅ ካርቶን ሰጠው። ካርቶኑን ስንከፍት ውስጡ የተደራረቡ ሳጥኖች፤ በያንዳንዱ ሳጥን ላይ ደግሞ የዚያችው ሰማያዊ መኪና ሥዕል። ለካ ሰውዬው የገዛ መኪናውን የምትመስል፣ ተገጣጥማ የምትሠራ የፕላስቲክ መኪና ባየ ቁጥር ሲገዛ ኖሯል። አንዲቷንም ሳይገጥም ሄደ። ሰው የሚወደውን ነገር ለነገ እያለ ሲያስቀምጥ እንዲህ ለሌላ ሰው ይደርሳል።

የመጀመሪያውን ሳጥን የከፈትንበትን ቀን ዛሬም ሳስበው ልቤ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ነጭ ፕላስቲክ። በቀጫጭን ዘንጎች ላይ እንደ ፍሬ የተንጠለጠሉ ቁርጥራጮች። ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ወንበር፣ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የምታንስ መሪ! የመግጠሚያው ወረቀት በማናውቀው ፊደል ስለተጻፈ ሥዕሉን ብቻ እያየን ገጠምናት። ጎማዎቹ ዞሩ! ከድር ወለሉ ላይ ገፋ ሲያደርጋት በአልጋው ሥር አልፋ በወዲያ በኩል ወጣች፤ ሁለታችንም ጮህን። ሁለተኛዋን ገጠምን። ያቺው ናት። ሦስተኛውን ሳጥን ስንከፍት ከድር ቁርጥራጮቹን ትክ ብሎ አይቶ «ራቢያ፣ አሁንም ያችኑ ልንሠራ ነው እንዴ?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተጀመረው። ሁሉም አንድ ዓይነት ባይሆኑ ኖሮ ቢላ ማንሳት ትዝም አይለን ነበር።

ከድር የመጀመሪያዋን የቆረጠው በወጥ ቤት ቢላ ነው። ቢላውን አግሎ ጣራዋ ላይ ሲያሳርፈው ጣራው ተኮማትሮ ተጠቀለለ፤ ቤቱ በጭስ ተሞላ። ያ ሽታ ያን ቀን ገባ፣ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ዘዴውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ከድርም አይክድም። ምላጭ በጀርባው በኩል ይዤ አንዲቱን መስመር ደጋግሜ ጫርኳት፤ ሳልጫን፣ ሳልቸኩል። ፕላስቲኩ እንደ ፀጉር ቀጭን እየሆነ ተላጠ። በመጨረሻ በአውራ ጣቴ ጫን ስለው «ጠቅ» ብሎ ለቀቀ፤ ጠርዙ ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ። ያ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ እንዴት ያስደስት ነበር! ከድር ምላጩን ቀምቶኝ ሊሞክር ሲል ጣቱን ቆረጠ፤ ከዚያ ወዲያ ቆረጣ የኔ፣ ሐሳብ የሱ ሆነ። የኢንጂነሩ ኮላ ሲያልቅብን ደግሞ ከጎረቤት ሙሽራ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ለመንን። የተራረፉትን ቁርጥራጮች እዚያ ውስጥ ብንጨምራቸው ሟሙተው እንደ አጥሚት ሆኑ፤ እሱን መጋጠሚያዎቹ ላይ ቀባነው፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸነው፣ የተቆረጠበት ቦታ ጠፋ። ዘንጎቹን በሻማ እያሞቅን ስንስባቸው እንደ ክር ይቀጥናሉ፤ ከነሱ የበር እጀታና አንቴና ሠራን። የኔን ኮንጎ ጫማ ተረከዝ ቆርጠንም ሞክረን ነበር፤ እሱ ግን በምንም አይጣበቅም። ጫማዬ በከንቱ ተበላሸ፤ ምንም አልመሰለኝም።

ዛሬ ከድር እዚሁ ወልቂጤ ጋራዥ አለው። የጭነት መኪና ወስዶ፣ ላሜራ ቀጥቅጦ አውቶቡስ ያደርግላችኋል፤ ሰዉ «ቅጥቅጥ» የሚለውን ማለቴ ነው። እኔ ደግሞ ከጋራዡ አጠገብ የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጥተው ስልካቸው ላይ መኪና በጣታቸው ሲጎትቱ፣ ሲያሳጥሩ፣ ቀለሙን ሲለውጡ ያሳዩኛል። ደስ ይላል፤ አልቀናም አልልም። ግን «ጠቅ» አይልም።

ወደ አባቴ መኪና ልመለስ። አባባ መኪናዋን የገዛት እንደ ኢንጂነሩ ሊያጥባት አይደለም። የኋላ ወንበሯ ላይ የበርበሬ ጆንያ ጫነባት። ከጆንያው አጠገብ ሰው ከተሳፈረ ቡኢ ሳይደርስ ዓይኑ እንደ በርበሬው ይቀላል። «ከሸምሱ ጋር የሄደ ሰው ሲያለቅስ ይገባል» እየተባለ ተቀለደበት። እንዲህ እያለች አንድ የገበያ ቀን በቆመችበት ቦታ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመጣባት ጀርባዋን ጨፈለቃት። ተጎትታ መጥታ ግቢያችን ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር ቆመች፤ ዶሮዎች ገቡባት። ትልቁ አባባ ይህን ሲሰማ ከመርካቶ መልእክት ላከ። መኪናዋን ለመለዋወጫ የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ፤ ከድርም እዚያ አቧራ ላይ ከሚንከራተት ሱቄ ይግባ፤ ለአረፋ ስመጣ ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ አለ። ትልቁ አባባ ከላከ ደግሞ አለቀ ማለት ነው። በኛ ቤት የታላቅ ወንድም ቃል አይመለስም፤ አባባ በሕይወቱ ሙሉ ታላቁን እምቢ ብሎ አያውቅም።

ከድር ሱቅ ከሚገባ ጉድጓድ ቢገባ ይመርጥ ነበር። እጁ ካልሠራ ይታመማል። አባባ እግር ሥር ተቀምጦ «አባባ፣ ጀርባዋን ቆርጠን ሌላ እናድርጋት። ትሠራለች። እኔ እሠራታለሁ» አለው። አባባ «በምን አውቃለሁ?» አለ። ከድር ሮጦ ጣራዋ የተጠቀለለውን የፕላስቲክ መኪና አምጥቶ አሳየው። አባባ መነጽሩን አድርጎ ገለባብጦ አያት። «ይህቺ ናት የኔ መኪና? በሉ እንግዲህ በትንሿ ሥሩና አሳዩኝ። የሚሆን ነገር ካየሁ አስብበታለሁ» አለ። በቃ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። የሚሆነውን ቅርጽ ካገኘን መኪናዋም ከድርም ይቀራሉ፤ ካላገኘን አረፋ ሲደርስ ሁለቱም ይሄዳሉ።

የሠራነውን ሁሉ አባባ የሚፈትንበት መንገድ ነበረው፤ ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። ማታ ከእራት በፊት መደቡ ላይ ተቀምጦ ከኪሱ ደረቅ የበርበሬ ዛላ ያወጣና ይጭንባታል። ዛላው ጆንያ መሆኑ ነው። ከዚያ ባቄላ ይደረድርባታል፤ ባቄላው ሰው ነው። ጀርባዋን ቆርጠን ፒካፕ አደረግናት። «በርበሬው ጥሩ ተቀመጠ። ሰውስ?» አለና ባቄላዎቹን መሬት ላይ ትቷቸው ተነሳ። ጣራዋን ወደ ኋላ ቀጥለን ስቴሽን ዋገን ስናደርጋት «ሰውና በርበሬ አንድ ክፍል! ደግሞ እናስነጥስ?» አለ። ሁለቱን ከወገባቸው ቆርጠን አንድ ላይ አገናኝተን ረጅም ሎንቺና ስንሠራ እኔና ከድር ከደስታ ብዛት ምሳ አልበላንም፤ የመስኮቶቿ ብዛት! አባባ አንድ ዛላ ብቻ መሐል ላይ ቢያስቀምጥባት መጋጠሚያዋ ለቀቀ። «የኛ መንገድ ላይ ደግሞ ምን ልትሆን ነው» አለ። አልተቆጣም። እንዲያውም በየቀኑ ከሱቅ ሲመለስ «ዛሬስ ምን ወለደች?» ይላል። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲጓጓ ማየት እንዴት ያምራል። ግን ሳጥኖቹ እያለቁ ነበር፤ አረፋም እየቀረበ።

አባባ የመጨረሻውን በርበሬ ይዞ አዲስ አበባ ሄደ፤ ከትልቁ አባባ ጋር አብረው ሊመጡ ነው። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ሳጥን ብቻ ቀርቷል፤ እኛም ሐሳብ አልቆብናል። ከድር የሚሆነው ጠፍቶት አቮካዶው ሥር መኪናዋ ውስጥ ከዶሮዎቹ ጋር ይውል ጀመር። እንዲህ እያለን አንድ ቀን ከስልክ ቤት ተጠራን። በሩጫ ደረስን። የስልክ ቤቱ ሴትዮ «የሸምሱ ልጆች! ከአዲስ አበባ ነው፣ ቶሎ በሉ!» አለችና እጀታውን ሰጠችን፤ ሁለታችንም ጆሯችንን ገጥመን ያዝነው። አባባ እንደ ሁልጊዜው በመስቃንኛ ሰላም አለን፤ እናታችሁስ፣ ላሚቱስ፣ ዝናቡስ አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ በአማርኛ «የመኪናው ነገር፣ ስንመጣ ውይይት ይሁን» አለ። «አቤት አባባ?» አለ ከድር። «ስንመጣ! ውይይት! ይሁን!» እያንዳንዱን ቃል ረገጥ አደረገው። ስልኩ ተቋረጠ። አባባ ከኛ ጋር በአማርኛ አውርቶ አያውቅም ነበር፤ ቤታችን የሚወራው መስቃንኛ ብቻ ነው። «አዲስ አበባ ሰነበተና አማረበት» ብዬ ሳቅሁ። ከድር ግን አልሰማኝም። ከስልክ ቤቱ ወጥቶ መንገዱ መሐል ዘለለ። «ፈቀደ! ራቢያ፣ ፈቀደ! ውይይት ይሁን አለ!»

ለዛሬ ልጆች ላስረዳ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ «ውይይት» የሚባል ታክሲ ነበር። ፊቱ አውቶሞቢል፣ ጀርባው የፒካፕ ሆኖ ላዩ የተሸፈነ ነው። ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሉት፤ ሰው ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ፣ ፊት ለፊት እየተያየ ይሄዳል። እንዲህ ተቀምጦ ደግሞ አለማውራት አይቻልም፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ከድር አዲስ አበባ ሄዶ ተሳፍሮበታል፤ አባባም በርበሬውን ካራገፈ በኋላ የሚሄደው በሱ ነው። እኔ አይቼው አላውቅም። ከድር ግንባሩን በእጁ እየመታ «እንዴት ረሳሁት! ሰው ከኋላ ነፋስ እያገኘ፣ በርበሬው ጣራ ላይ! ማንም አያስነጥስም!» አለ። እኔ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ወንበሩ ስንት ነው፣ በሩ የት ነው፣ ሰው በምን ይወጣል እያልኩ ጠየቅኩት። ቤት እስክንደርስ መላው ቅርጹ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር።

የመጨረሻውን ሳጥን ከፈትን። ይህቺን ካበላሸናት ሌላ የለም። ከፊት በሮቿ ጀርባ በእርሳስ አሰመርኩ፤ ትንፋሼን ይዤ ጫርኩ፣ ጫርኩ፣ ጫርኩ። ከድር አጠገቤ ተንበርክኮ የኔን ትንፋሽ አብሮ ይይዛል። ጠቅ! ጣራዋ ከመሐል ተለየ፤ ጠርዙ ላይ አንዲት ስንጥር እንኳ የለም። ከቀደሙት መኪኖች ከተረፉት በሮች የጀርባዋን ግድግዳ ሠራን። ከሳብነው ዘንግ የሽፋኗን አጥንት አጎበጥን፤ ላዩን ከአሮጌ ዣንጥላ ጨርቅ አለበስነው። ከጀርባ መወጣጫ ደረጃ፤ ጣራ ላይ የበርበሬ መጫኛ። ወንበሮቹን እኔ ሰፋኋቸው፤ ከእናቴ አሮጌ ቀይ ሻሽ፣ ጥጥ ጠቅጥቄባቸው፣ መሐል መሐሉን በመርፌ ወግቼ ረገጥ አድርጌ። በሕይወቴ የሰፋሁት የመጀመሪያው የመኪና ወንበር እሱ ነው፤ ከጣቴ አይበልጥም። ባቄላዎቹን ሁለቱ ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት ስንደረድራቸው ከድር በሁለት ዓይነት ድምፅ እያወራ አስቀኝ፤ አንዱ ባቄላ ስለ በርበሬ ዋጋ ያማርራል፣ ሌላዋ ባቄላ ልጇን ትድራለች። ሆዴን ይዤ ወለሉ ላይ ተንከባለልኩ። እንዲህ የሳቅኩበት ቀን ብዙ የለም።

ቀጥሎ ትልቋ። «ስንመጣ» ብሏል አይደል? ስለዚህ ከመምጣታቸው በፊት መሆን አለባት። ትንሿን ኮፈኗ ላይ አስቀምጠን፣ በክር እየለካን፣ በጠመኔ ትልቋ ላይ አሰመርን። ተክሌ በያጁን ጠራነው፤ ከሰሜን ሸዋ መጥቶ ቡታጅራ የከረመ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ጠመኔውን አየና «አባታችሁ ፈቅደዋል?» አለ። «በስልክ!» አልነው እኩል። «በስልክ ከሆነማ ማን ይከራከራል» ብሎ ሴጌቶውን፣ የብረት መጋዙን፣ ለከድር አቀበለው። ሴጌቶው ጣራዋ ላይ ሲያርፍ እናቴ ዓይኗን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ግን አልሸፈንኩም። ሰማያዊው ቀለም እየተፈለፈለ ወደቀ፣ ዶሮዎቹ ተንጫጩ፣ ሰፈሩ በአጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። የተጨፈለቀው ጀርባ ተነሳ። ተክሌ ብረቱን በየደ፤ ከድር ላሜራውን እየቀጠቀጠ ግድግዳ አደረገው፤ እኔ ከጆንያ ሁለት ረጃጅም ወንበሮች ሰፍቼ ገለባ ጠቀጠቅሁባቸው። ሽፋኗና ቀለሟ ገና ሲቀሩ የአረፋ ዋዜማ ደረሰ።

ትልቁ አባባ በራሱ መኪና መጣ፤ ኮት ለብሶ፣ አባባን ከኋላ፣ ገዢውን ከፊት አስቀምጦ። ግቢ ገብተው ሦስቱም ቆሙ። ከድር እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ጥርሱ በሙሉ እየታየ «እንኳን በደህና መጣችሁ! ደረሰች!» አለ። ትልቁ አባባ በቀስታ ዞራት። «ሸምሱ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለ። ከድር ወደ አባባ እያየ «ውይይት ናት። ውይይት ይሁን ብለኸን…» አለና ድምፁ መሐል ላይ ቀረ፤ የትልቁን አባባ ፊት አይቶ ነበር። «ውይይት ማለት መነጋገር ነው እንጂ!» ብሎ ጮኸ ትልቁ አባባ። «አጠገቡ ቆሜ ሰምቼዋለሁ! ስንመጣ እንወያይ ነው ያላችሁ! ማን መኪና ቁረጡ አላችሁ?» እሱ የራሱ መኪና ስላለው በውይይት ሄዶ አያውቅም፤ ቃሉን ሲሰማ ታክሲው ትዝም አይለው፣ ለሱ ወሬ ብቻ ነው። ገዢው መኪናዋን አየት አደረገና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው ያልተቆረጠ ቦዲ ነው። ይህቺን ምን ላድርጋት?» ብሎ ሻይ ፍለጋ ወጣ። የመኪናዋ መሄድ የቀረው በዚያች ደቂቃ ነው፤ ግን ማን ልብ አለ? ከድር ፊቱ አመድ መስሏል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ለካ ያ ሁሉ ደስታ በአንድ ቃል ስሕተት ነው።

«ጥሩ» አለ ትልቁ አባባ ኮቱን እያራገፈ፤ «መኪናዋ ጠፋች። ልጁ ግን ከበዓሉ በኋላ ከኔ ጋር ይሄዳል።» ያኔ ነው አባባ አፉን የከፈተው። አንገቱን ደፍቶ፣ ለታላቅ ወንድም እንደሚገባው ዝቅ ባለ ድምፅ «አንተ እንዳልከው ይሁን ወንድሜ። ልጆች ናቸው፣ ቃሉ አምታታቸው። ግን እሱን ከወሰድከው ይህቺን ማን ይጨርሳታል? እንዲሁ ቆርቆሮ ሆና ትቀራለች» አለ። ትልቁ አባባ ብክነት አይወድም፤ ሚስማር ጎብጦ መሬት ላይ ካየ አንስቶ የሚያቃና ሰው ነው። መኪናዋን እንደገና ዞራት። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሮጬ ቤት ገብቼ ትንሿን አመጣሁና «ትልቁ አባባ፣ ስታልቅ እንዲህ ነው የምትሆነው» ብዬ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ዓይኑ አጠገብ አቀረባት። ዣንጥላውን በጣቱ ነካ፤ ቀዩን ወንበር ነካ። ከዚያ፣ ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ማንም የማያየው መስሎት በትልቋ ኮፈን ላይ ትንሿን ገፋ አደረጋት፤ ጎማዎቿ ዞሩ። «ወንበሩን ማን ሰፋው?» አለ። «እኔ» አልኩ። «ህም» አለ። ትልቋ ጀርባ ላይ ወጥቶ ገለባው ላይ ተቀመጠ፣ ቂጡን አደላደለ። «እስከሚመጣው አረፋ» አለ በመጨረሻ። «እስከዚያ ካልሠራች ልጁን እወስደዋለሁ። ወንበሩ ይጠባል፤ አስፉት።»

ሠራች! እንዴት አትሠራ! ከበዓሉ በኋላ ሽፋኗን አለበስናት፤ ተክሌ አረንጓዴ ቀባት፤ ወንበሩንም አሰፋሁት። የመጀመሪያው ቀን ወደ እንሴኖ ገበያ ስትሄድ መንገዱ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ከድር ከፊት መሪውን ይዞ፣ አፍሮው ጣራውን እየነካ፣ ጡሩንባውን ያለምክንያት ይነፋል። በርበሬው ጣራ ላይ ነው፤ ማንም አላስነጠሰም። ከኋላ ሰው ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ወሬው ደርቷል፤ ከድር በባቄላዎቹ ሲጫወት የነበረው ወሬ ራሱ ነው። አባባ ከኔ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያንዳንዱን ሰው እያየ ፈገግ ይላል። ብዙ ቀን ሲከነክነኝ የነበረውን ነገር ያን ጊዜ ጠየቅሁት፤ ከሱ ጋር እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጬ አላውቅም ነበርና ድፍረቱ መጣልኝ።

«አባባ፣ በስልክ ለምን በአማርኛ ነገርከን?»

ወደ ፊት፣ ወደ ከድር ጀርባ አየ። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ አለ። «ወንድሜ አጠገቤ ነበር» አለኝ በመስቃንኛ፣ ቀስ ብሎ። «ውይይት የሚለውን በኛ ቋንቋ ብናገረው ወሬ፣ ወሬ ብቻ ነው። ውስጡ መኪና ያለበት ቃል አማርኛው ነው።»

ያን ሁሉ ቀን ተሳስተን ነው ብለን አንገታችንን ደፍተን ነበር። እንባዬ መጣ፤ በርበሬው ነው እንዳልል በርበሬው ጣራ ላይ ነው። አባባ ጉልበቴን በእጁ መታ መታ አደረገ።

«እኔ ወንድሜን እምቢ ማለት አልችልበትም፣ ልጄ» አለ። «እናንተ ግን ሴጌቶ መያዝ ትችላላችሁ።»